ሽፋን የሌለው መጽሐፍ

ሰው በልጅነቱ የሰማው ተረት እስከ ሽምግልናው አብሮት ይኖራል ይባላል። በእኔ ልብ ውስጥ ግን ከሰማሁት ተረት ሁሉ ይልቅ ጸንቶ የኖረው አንብቤ ያልጨረስሁት አንድ መጽሐፍ ነው። ስሙን አላውቀውም፤ የደረሰውንም ሰው አላውቀውም። ስለ ልጆች መጻሕፍት መጻፍ የጀመርሁበት ምክንያት ይኸው ስለ ሆነ፣ አንባቢ ቢፈቅድልኝ ነገሩን ከመነሻው አወጋዋለሁ።

የተወለድሁት በመካነ ሰላም አቅራቢያ በቦረና ደጋ ነው። በቤታችን ከትምህርት ቤት ከሚሰጠኝ መማሪያ በቀር መጽሐፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ተረት ግን ሞልቶ ነበር። ማታ ከብቱ ከገባ በኋላ አያቴ ከእሳቱ ዳር ተቀምጣ «ተረት ተረት» ስትል፣ እኛ «የላም በረት» እያልን እንከባታለን። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን ከመካከላችን አንዱ ማንቀላፋት ሲጀምር ጅቡን ወይም ጦጣዋን ቶሎ ታስገባ ነበር። የምታወራው ዐይን ዐይናችንን እያየች እንደ ነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አጎቴ ከደሴ ሲመለስ አንድ መጽሐፍ አመጣልኝ። ሽፋን የለውም፤ የመጨረሻዎቹ ቅጠሎችም ተገንጥለዋል። ታሪኩ የጠፋ በሬ ሊፈልግ ስለ ወጣ አንድ ልጅ ነበር። ልጁ ገደል ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ በማያውቀው አገር ይመሽበታል። ከሩቅ የእሳት ብርሃን አይቶ ወደዚያው መራመድ ሲጀምር ገጹ አለቀ። እሳቱን ያነደደው ማን ነው? ወዳጅ ነው ወይስ ሌባ? በሬውስ ተገኘ ወይስ ታረደ? መምህሬን ብጠይቃቸው አላወቁትም። ርእሱ ስለሌለ ሌላ ቅጂ ለመፈለግ እንኳ አልቻልሁም። ይኸው ዕድሜዬ ከሠላሳ አልፎ ያ እሳት እስከ ዛሬ ከሩቅ ይታየኛል።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረስሁ በኋላ በወረኢሉ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተቀጠርሁ። ወረኢሉ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የሚዘምተው የሸዋ ጦር እንዲከትባት በዐዋጅ የተቀጠረች ስመ ጥር ቦታ ናት። የእኔ ሥራ ግን ዝና የለውም፤ ለሚገባውና ለሚወጣው ደብዳቤ ቁጥርና ቀን እየሰጠሁ በየፋይሉ አኖራለሁ። ይሁን እንጂ ይህ ሥራ አንድ ነገር አስተምሮኛል። ቁጥር ያልተሰጠው ደብዳቤ በመደርደሪያው ላይ ቢኖርም እንደሌለ ይቆጠራል፤ ፈላጊው አያገኘውምና። የእኔም መጽሐፍ እንዲሁ ነበር። የሚያሳዝነው ግን ሽፋንም፣ ርእስም፣ ደራሲም ያላቸው የልጆች መጻሕፍት እንኳ ለአብዛኞቹ ልጆቻችን ቁጥር እንደሌለው ደብዳቤ መሆናቸው ነው። መጻሕፍቱ አሉ፤ መኖራቸውን ለልጁ የሚነግረው ሰው ግን የለም።

ለአዋቂዎች የተጻፈ ልብ ወለድ ሲወጣ ጋዜጣ ይጽፍለታል፤ ራዲዮን ይተርከዋል፤ አንባቢዎችም ይከራከሩበታል። የልጆች መጽሐፍ ግን ብዙውን ጊዜ በዝምታ ወጥቶ በዝምታ ያረጃል። ይህን በማሰብ በ2010 ዓ.ም. ከአንድ ትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በየወሩ አንድ ገጽ በእጄ እየጻፍሁ መለጠፍ ጀመርሁ። የመጽሐፉን ስም፣ የደራሲውን ስም፣ የገጹን ብዛት፣ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚስማማና የት እንደሚገኝ ከጻፍሁ በኋላ የራሴን አስተያየት እጨምራለሁ። መጻሕፍቱን የማገኛቸው ለጉዳይ ደሴ በሄድሁ ቁጥር ነው፤ ከአበሌ ቀንሼ አንድ ወይም ሁለት እገዛና በካቤ በኩል ስመለስ በመኪናው ውስጥ አነባቸዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎቼ የሚያሳፍሩ ነበሩ። «ይህ መጽሐፍ ታዛዥነትን ያስተምራል፤ ስንፍናን ይነቅፋል፤ ስለዚህ ሊነበብ ይገባዋል» የሚሉ ነበሩ። ታላላቆቹ «በርታ» አሉኝ። ልጆቹ ግን ሰሌዳውን እያለፉ ወደ ኳሳቸው ይሮጡ ነበር። አንድ ቀን አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ አጠገቧ ቆሜ ነበርና እንዴት እንዳገኘችው ጠየቅኋት። አንገቷን ደፍታ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «ጋሼ፣ መጨረሻውንም ነገሩን፤ ምክሩንም ነገሩን፤ ታዲያ እኛ ምን እናንብብ?» አለችኝ።

ይህ ቃል አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። የአንድ መጽሐፍ መጨረሻ ቢጠፋብኝ ዕድሜ ልኬን የቈጨኝ ሰው፣ እኔው ራሴ በየወሩ የልጆችን መጨረሻ እሰርቅ ነበርና! ከዚህም በላይ፣ መጽሐፉን የመዘንሁት እኛ አዋቂዎች ከልጅ በምንፈልገው ነገር እንጂ ልጁ ከመጽሐፍ በሚፈልገው ነገር እንዳልነበረ ተገነዘብሁ።

ከዚያ ወዲህ የአያቴን ሥርዐት ያዝሁ። ስለ አንድ መጽሐፍ ከመጻፌ በፊት አምስት ወይም ስድስት ልጆች ሰብስቤ አነብላቸዋለሁ፤ ዐይናቸውንም አያለሁ። «ከዚያስ?» ብለው በሚጠይቁበት ገጽ ላይ አንድ ምልክት፣ ወደ መስኮት በሚያዩበት ገጽ ላይ ሌላ ምልክት አደርጋለሁ። ምልክቶቹን ስቈጥር ፍርዱ በአብዛኛው ተሠርቶ አገኘዋለሁ። በወረቀቴም ላይ «መጀመሪያው ይጐትታል፤ ታገሡት፤ ወንዙ ከሞላ በኋላ ግን መጽሐፉን አታስቀምጡትም» ብዬ እጽፋለሁ። ፊደሉ ደቅቆ ለጀማሪ አንባቢ የማይመች ከሆነ፣ ሥዕሉ ከታሪኩ ጋር የማይገናኝ ከሆነ፣ በአማርኛ የተጻፈው ልጅ እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ሸንጎ ሽማግሌ የሚናገር ከሆነ ይህንንም ሳልሸሽግ እገልጻለሁ። ልጅ የተመሰገነለትን መጽሐፍ አንብቦ ሦስት ጊዜ ከተሰላቸ፣ በአራተኛው የሚጠላው ያንን መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ንባብን ነውና።

በዚህ መንገድ ከእኛ በፊት የሄዱ ሰዎች እንዳሉም አይዘነጋም። ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» ምክርን ለልጅ ሲያቀርቡ፣ መጀመሪያ እንስሳቱን አናግረው፣ ነገሩን በግጥም አጣፍጠው ነው፤ ከዚህ የተነሣ ብዙ ተማሪ ግጥሞቻቸውን በቃሉ ይዟቸው አድጓል። ተስፋዬ ሣህሉ፣ ሁላችን አባባ ተስፋዬ የምንላቸው፣ በ1957 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለረጅም ዓመታት ለልጆች ተረት ሲያወሩ ኖረው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ዐርፈዋል። በቀበሌያችን ቴሌቪዥን ስላልነበረ እኔ ያየኋቸው ዘግይቼ ነው፤ ባየኋቸውም ጊዜ አያቴን አስታወሱኝ።

ሦስተኛው ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው። እኚህ ሰው ከመማሪያ ውጭ የሆነ መጽሐፍ መጀመሪያ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው መሆኑን ራሳቸው ተናግረዋል። ተሰደው አሜሪካ ከገቡ በኋላ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ፣ የየአገሩ ቋንቋ መጻሕፍት በተደረደሩበት ቦታ አማርኛ አጡ። «የለም» ብለው ዝም ማለት ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ስለ ቂሉ ማሞ የሚነገረውን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ ወደ አገራቸውም ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በሐዋሳ ደግሞ በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጻሕፍት ወደ ልጆች እንዲሄዱ አደረጉ። ይህን ባሰብሁ ጊዜ የእኔ ወረቀት ጋሪ የሌላት አህያ መስላ ትታየኛለች፤ ብትሆንም መንገዱ ያው ነው።

ሌላም የሚያሳስበኝ ጉዳይ አለ። ለታናናሾቹ ተረት አይጠፋም፤ ለአዋቂዎችም በ1958 ዓ.ም. እንደ ታተመው እንደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያለ ታላቅ ሥራ አለ። በዐሥራ ሦስትና በዐሥራ ሰባት ዓመት መካከል ላለው ልጅ ግን የምንዘረጋለት ጥቂት ነው። ጦጣና ጅብ አያረኩትም፤ ወፍራሙን ልብ ወለድ ሲገልጠው ደግሞ ያስፈራዋል። ከቦረና ደጋ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ጠመዝማዛ መንገድ ያስፈልገዋል፤ ዝለል ቢሉት ይሞታል። በንባብም መካከለኛው መንገድ ካልተጠረገ፣ ልጁ በተረት ጀምሮ በተረት ያቆማል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በደረሰ ጊዜ ትምህርት ተቋረጠ፤ ሰሌዳውም ባዶ ቀረ። ሰላም ከተመለሰ በኋላም ወረቀት መለጠፍ ቅንጦት መሰለኝ። ሰው እህልና መድኃኒት በሚፈልግበት ጊዜ ስለ ተረት መጽሐፍ መጻፍ ምን ይባላል? በዚህ አሳብ ላይ ሳለሁ የዬላ ሌፕማንን ታሪክ አነበብሁ። ይህች ጀርመናዊት አይሁዳዊት ጋዜጠኛ ከናዚዎች ሸሽታ በእንግሊዝ አገር ከኖረች በኋላ፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ ወደ ፈረሰችው አገሯ ተመለሰች። ለልጆቹ ዳቦ እንደሚያስፈልጋቸው አልካደችም፤ ነገር ግን ከልዩ ልዩ አገሮች የልጆች መጻሕፍት ለምና እ.ኤ.አ. በ1946 በሙኒክ ኤግዚቢሽን አሳየች፤ በ1949 ደግሞ ዓለም አቀፍ የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት መሠረተች። በዚያም ልጆች ማንበብ ብቻ ሳይሆን ስላነበቡት ይወያዩ ነበር። ይህን ካነበብሁ በኋላ፣ ፍርሃት ያየ ልጅ ሌላ ዓለም መኖሩን የሚነግረው ሰው ከማንም ይልቅ እንደሚያስፈልገው አምኜ እንደገና ለጠፍሁ።

አሁን ደግሞ ጥፋቴን ልናዘዝ። ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላ ልጆች ዘወትር የሚጠይቁኝ «መጽሐፉ የት አለ?» ብለው ነው። ያመሰገንሁት መጽሐፍ በከተማው ውስጥ ካልተገኘ ምስጋናዬ የተራበን ሰው ስለ ድግስ እንደ ማውራት ስለሚሆን፣ የራሴን ቅጂ ማዋስ ጀመርሁ። አንድ ጊዜ አንድ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ የወሰደውን መጽሐፍ ሲመልስልኝ የመጨረሻዋ ቅጠል የለችም። ታናሽ እኅቱ ቀድዳ በእሳት እንደ ጨመረችው ነገረኝ። እኔም ያ የልጅነቴ ቍጭት ተነሥቶብኝ፣ ከጓደኞቹ ፊት በኀይለ ቃል ተናገርሁት። ልጁ ሳይመልስልኝ ሄደ፤ ለሁለት ወር ያህልም ወደ ሰሌዳው አልቀረበም። ስለ አንዲት ቅጠል ብዬ አንድ አንባቢ ማጣቴ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ብልኮለት ይቅርታ ጠየቅሁት፤ መልስ አልመጣም።

በሦስተኛው ወር ግን ራሱ ወደ ቢሮዬ መጣ። ከደብተሩ የተቀደደ አንድ ሉክ አቀበለኝ፤ የጎደለውን መጨረሻ ከሚያስታውሰው በእጁ ጽፎት ነበር። ከዋናው ጋር አንድ አይደለም። በዋናው የማይመለስ አንድ ሰው በእርሱ ጽሑፍ ወደ ቤቱ ተመልሷል። «ጋሼ፣ እንዲህ ነው የሚመስለኝ» አለኝ። ምንም ሳላርም ከመጽሐፉ ጋር በሙጫ አያያዝሁት። መጽሐፉን ዛሬም አውሰዋለሁ፤ የሚዋሱትም ልጆች የታተመውንና በእጅ የተጻፈውን ሳይለዩ እስከ መጨረሻው ያነቡታል።

እንግዲህ የማሳስበው ብዙ አይደለም። መምህር የሆነ ሰው በሳምንት አንድ ቀን፣ ለፈተና የማይጠየቅ አንድ ታሪክ ለተማሪዎቹ ያንብብላቸው፤ ሲያነብም ዐይናቸውን ይመልከት። በኀላፊነት ላይ ያለ ሰው ቤተ መጻሕፍትን ሲጎበኝ የመደርደሪያውን ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ከመጻሕፍቱ መካከል በልጆች እጅ ያረጀው ስንት እንደ ሆነ ይጠይቅ። ተማሪም ያነበበው መጽሐፍ ደስ ካሰኘው ስሙን ጽፎ ለጓደኛው ይስጠው፤ መጨረሻውን ግን አይንገረው።

እኔም ደሴ በሄድሁ ቁጥር በአሮጌ መጻሕፍት ክምር ውስጥ፣ በሬ የጠፋበትን ልጅ መፈለጌን አልተውሁም። ባገኘው ወረቀቴ ላይ የማሰፍረው መጀመሪያ ስሙን ነው።