የአክስቴ 25 ብር

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ስልክ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፣ ሰው ሳይታይ ድምፁ ብቻ የሚሰማበት ይህ መሣሪያ የሰይጣን ሥራ ነው ተብሎ እንደ ተፈራ አባቶቻችን ያወጉን ነበር። ዛሬ እንዲህ የሚል ሰው አይገኝም። ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ቀድሞ ስልክ ቤት ሔደን ተራ ጠብቀን እናገኘው የነበረውን አገልግሎት ዛሬ በመቀነታችን ቋጥረን እንዞራለን። ልጅ ከዓረብ አገር ሆና የእናቷን ድምፅ ትሰማለች፤ የነፍስ አባት ለንስሓ ልጆቻቸው በስልክ ምክር ይሰጣሉ። ስለዚህ እኔ መሣሪያውን አልወቅስም። የምወቅሰው በመሣሪያው ውስጥ ተሰውሮ ከድኻ መቀነት ሳንቲም የሚለቅመውን አሠራር ነው።

አክስቴ በደብረ ብርሃን ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ፊደል ቈጥረው ዳዊት ደግመዋል፤ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ግን አያነቡም፤ ዐይናቸውም ደክሟል። ልጃቸው የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ፣ ማታ ማታ እየደወሉ በሰላም መግባቱን የሚጠይቁት እርሳቸው ናቸው። ለዚህም ቅዳሜ ቅዳሜ የ25 ብር ካርድ ይገዛሉ። ካርዱን ፍቃ ቁጥሩን የምትሞላላቸው የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ 12 ዓመት ነው።

ከጊዜ በኋላ ገንዘቡ ያለ ወሬ ማለቅ ጀመረ። ሳምንቱ ሳይጋመስ ሲደውሉ፣ ቀሪ ሒሳብዎ በቂ አይደለም የምትል የሴት ድምፅ ትመልስላቸዋለች። አክስቴ ለዚያች ድምፅ እንኳ፣ «እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ፣ እስቲ ለሰዎቹ ንገሪልኝ» ብለዋት ነበር። ልጃቸው በመንገድ ላይ ባደረባቸው ሌሊቶች ሳይጠይቁት፣ እንቅልፍም ሳይወስዳቸው ያነጉ ነበር። በመጨረሻም እንደ ማንኛውም ሰው በቅርባቸው ያለውን ጠረጠሩ። ልጅቱን አልተቈጧትም፤ ነገር ግን ካርድ እንድትሞላላቸው መጥራታቸውን ተዉ። እርሷም ምክንያቱን ሳታውቅ በደጃቸው ማለፍ አፈረች። በአንድ አጥር በሚዋሰኑት በሁለቱ ቤቶች መካከል ቡና መጠራራት ቀረ።

ለጥምቀት በዓል ልጠይቃቸው በሔድሁ ጊዜ ይህን በለሆሳስ አጫወቱኝ። ስልኩን ተቀብዬ መልእክቶቹን ብመለከት፣ ባለ አራት አኃዝ ከሆነ አንድ ቁጥር በየማለዳው የተላከ ጽሑፍ ተደርድሯል፤ የዕለቱን ቅዱስ ስምና አንዲት ጥቅስ የያዘ ነው። ከሌላ አጭር ቁጥር ደግሞ የጤና ምክር ይመጣል። የሁለቱም ዋጋ በቀን 2 ብር መሆኑ በላቲን ፊደል ከግርጌው ተጽፏል። ሒሳቡ ከባድ አይደለም፤ በቀን 4 ብር በ6 ቀን 24 ብር ይሆናል። አክስቴ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ቢሰነብቱ እንኳ፣ ቅዳሜ ከተሞላው 25 ብር ዓርብ ማታ የሚተርፋቸው 1 ብር ብቻ ነበር። መቼ፣ የትኛውን ቁልፍ ነክተው እንደ ተስማሙ እንደ ተቈጠረባቸው አያውቁም። ማኅበር የሚጠጡ፣ በ12 ሚካኤልን በ21 ማርያምን ሳያስቡ የማይውሉ ባልቴት፣ ያንኑ ቀን በ2 ብር ሲሸጥላቸው መክረሙ ከሁሉ ይልቅ አሳዘነኝ።

ለማቋረጥ «ስቶፕ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጽፎ መላክ ነው ተባለና ላክሁ። የጤናው ምክር ወዲያው ቆመ፤ ሌላው ግን በማግሥቱ ማለዳ እንደ ወትሮው ደረሰ። ወደ ስልክ ድርጅቱ ደወልሁ። ለአማርኛ ይህን ይጫኑ፣ ለሒሳብ ያን ይጫኑ፤ ከዚያ በኋላ ዘፈን (ጾም አለመሆኑ በጀ)። ዘፈኑ ሦስት ጊዜ ካለቀ በኋላ ያነጋገረኝ ወጣት ትሑት ነበር፤ በእርሱ አልፈርድም። «መልእክቱን የሚልከው ሌላ ድርጅት ስለሆነ እነርሱን ይጠይቁ» አለኝ። የሰጠኝን ቁጥር ደጋግሜ ብደውል የሚያነሣው ጠፋ። ገንዘቡን የሚቈርጠው ወደ ላኪው ያመለክታል፤ ላኪው አይገኝም። 2 ብር ደግሞ ጠበቃ የማይቆምላት ገንዘብ ናት፤ ስለ 2 ብር ደጅ የሚጠና ሰው ንፉግ ይባላል። አሠራሩም ተደላድሎ የሚኖረው በዚሁ ይሉኝታችን ላይ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ይህን ሥራ የሚቈጣጠር ባለሥልጣን አቋቁሟል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ሁለተኛ የስልክ ድርጅት ሥራ ጀምሯል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ምርጫው የሚጠቅመው ከግርጌ የተጻፈውን ማንበብ ለሚችል ነው። እንግዲህ የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ወላጆቻችሁን ልትጠይቁ ስትሔዱ ስልካቸውን ተቀብላችሁ መልእክቱን አንብቡላቸው። ከአጭር ቁጥር የመጣ ካለ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የተቈረጠውን ገንዘብ በወረቀት መዝግባችሁ ወደ ድርጅቱ ቢሮ ውሰዱ፤ ካልሰሟችሁ ለባለሥልጣኑ አመልክቱ። እኔም እንዲህ ያለውን ወረቀት ይዤ ቢሮ ከሔድሁ በኋላ ነው ሁለተኛው መልእክት በ9ኛው ቀን የቆመው።

የተቈረጠው ገንዘብ አልተመለሰም። አክስቴ ስለ ገንዘቡ ምንም አላሉም። ነገሩ በተገለጠ ዕለት ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ጎረቤታቸው ቤት ሔዱና ልጅቱን አስጠርተው፣ «እንግዲህ ካርዱን ብቻ ሳይሆን የሚመጣውንም ጽሑፍ የምታነቢልኝ አንቺ ነሽ» አሏት። የልጅቱ እናት ለጊዜው መልስ አልሰጠችም፤ ጥቂት ቆይታ ግን ተነሥታ ቡና ቆላች።