ጌታ የሌለው ገንዘብ

የጥቂቶችን ሥልጣን ስንነቅፍ የሚሰሙን ጓደኞቻችን አንድ ጥያቄ አዘውትረው ያነሡብናል። «እንግዲያውስ ባንክም መንግሥትም የማያዝበት ገንዘብ ይኸውላችሁ! ቢትኮይንን ለምን ትንቁታላችሁ?» ይሉናል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ኑሮው እንዴት እንደከበደ የምናውቅ ተማሪዎች፣ ማንም እንዳሻው የማያትመው ገንዘብ አለ ሲባል ጆሯችን ይቆማል።

እስቲ ጠጋ ብለን እንየው። በ2009 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ማንም ሰው በቤቱ ኮምፒዩተር ሊያመነጨው ይችል ነበር። ዛሬስ? የሚያመነጨው ለዚሁ ብቻ የተሠሩ ማሽኖችን በሺህ የሚደረድር፣ ርካሽ መብራት የሚያገኝ ባለካፒታል ነው። ሩቅ መሄድ አያሻም። የውጭ ኩባንያዎች፣ ብዙዎቹ ከቻይና የመጡ፣ ማሽናቸውን እዚሁ አገራችን ተክለው ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል መብራት በዶላር ይገዛሉ። ለአገር ዶላር ይገባል፤ አንክድም። ግን ግማሽ ለሚጠጋው ሕዝባችን መብራት ገና አልደረሰውም፤ ማሽኑ ሌት ተቀን ሲያጓራ ያድራል፣ ሳንቲሙ የባለማሽኑ ነው። ታዲያ ይህ በምን ተለየ? ጭሰኛው ያረሰው እህል ወደ ማን ጎተራ ይገባ እንደነበር ከአያቶቻችን ሰምተናል እኮ።

መጠኑም ከ21 ሚሊዮን አያልፍም ይባላል። እሰየው! ግን ቀድሞ የያዘ ያዘ፤ ኋላ የመጣው ከቀደመው ነው የሚገዛው። ባንኮችን ከጨዋታ ውጭ ያደርጋል የተባለውም ነገር፣ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የቢትኮይን ፈንዶች በአክሲዮን ገበያ እንዲሸጡ ስትፈቅድ ከሻጮቹ አንዱ ብላክሮክ ሆኖ አረፈው። በሀብት አስተዳዳሪነት ከዓለም አንደኛው! ወጣ የተባለው ጌታ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

ኤል ሳልቫዶርም በ2021 ሕጋዊ መገበያያ አድርጋው ነበር። የስልክ ቦርሳውን ለከፈተ ዜጋ መንግሥት የ30 ዶላር ስጦታ ሰጠ፤ ብዙው ሰው ስጦታውን አጠፋና ቦርሳውን ረሳው። ነጋዴው ቢትኮይን እንዲቀበል የሚያስገድደው ሕግ በ2025 ከአይ ኤም ኤፍ ብድር ጋር ተያይዞ ተነሣ። ከላይ የወረደ ነገር ከላይ ተነሣ፤ ሕዝቡን ማን ጠየቀው?

እህቷ ከዐረብ አገር ገንዘብ የምትልክላት አንዲት ጓደኛችን አለች። የላኪው ድርጅት ኮሚሽን ያንገበግባታል። ባለፈው «በቢትኮይን ብትልክልሽስ?» አሏት። «ዋጋው በሳምንት ቢወድቅ ለማን አቤት እላለሁ?» አለች። «እሷ የሰው ቤት ስትጠርግ የዋለችበትን እኔ ቁማር ላስገባው?»

ስለ ኮሚሽኑ ግን የሚያሳርፋት መልስ እኛም አልነበረንም።