ጠያቂ ያጣች እስረኛ

ስለ ሴት የፖለቲካ እስረኞች ወሬ በተነሳ ቁጥር ጨለማ ቤት ይነሳል። ማዕከላዊ የምርመራ እስር ቤት፣ እዚያው ውስጥ የነበረው ሳይቤሪያ፣ የቃሊቲ ቅጣት ቤት። መነሳቱስ ልክ ነው። ማዕከላዊ በ2010 እስኪዘጋ ድረስ እዚያ ውስጥ ምን እንደነበረ ገብተው የወጡት መስክረዋል። እኔን ግን የእኛን የደቡብ ጎንደሮቹን ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ሳስብ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሴትን ብቻዋን ለማሰር ልዩ ክፍል መገንባት አያስፈልግም፤ ጠያቂዋን ከበር መመለስ ይበቃል።

የእኛ አገር እስር ቤት የቆመው በስንቅ ነው። ቀለብ አለ ይባላል፤ እስረኛዋን ሰው አድርጎ የሚያቆያት ግን ከውጭ የሚገባላት ነው፦ እንጀራው፣ ሳሙናው፣ ሞዴሱ፣ መድኃኒቱ፣ የቤት ወሬው። ምሳ ዕቃው ባዶውን ሲወጣ «በልታለች፣ ደህና ናት» ማለት ነው። ሳይነካ ከተመለሰ ቤቱ ያን ሌሊት አይተኛም።

ስሙን የማልጠራው አንድ እስር ቤት በር ላይ ወረፋ ይዤ ሳለ፣ ከፊቴ ከስማዳ የመጡ እናት ነበሩ። በፌስታል በሶ፣ በማዳበሪያ ድርቆሽ ይዘዋል። ጠባቂዋ የፌስታሉን ቋጠሮ ፈታችና «ይቅመሱት» አለቻቸው። ደንቡ ነው፤ ማንም ይቀምሳል። አንድ ጭብጥ አፋቸው ውስጥ ጨመሩ። ደረቅ በሶ ነውና ትን አላቸው፤ ከሰልፉ አንዱ ውኃ ሰጣቸው። በሶው ከተቀመሰ፣ ድርቆሹ በእንጨት ተበጥብጦ ከታየ በኋላ ነው ጠባቂዋ መዝገቡን የገለጠችው። «እርስዎ አልተመዘገቡም።» «እናቷ እኮ ነኝ ልጄ።» «እማማ፣ እኔ ምን ላድርግ፤ ስምዎ የለም።» ልጅቷ ምን አድርጋ እንደታሰረች አልጠየቅኩም። እሳቸውም አልነገሩኝም። ስማዳ ድረስ ይዘውት አይመለሱ ነገር፣ ድርቆሹን ለሌላ እስረኛ ጠያቂ ሰጥተው ሄዱ።

ይህ መዝገብ ተራ የጽሕፈት ሥራ ይመስላል። አይደለም። የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ የነበረችውን ብርቱካን ሚደቅሳን አስታውሱ። ከምርጫ 97 በኋላ ታስራ ዕድሜ ልክ ተፈርዶባት፣ ሐምሌ 1999 በይቅርታ ወጣች፤ ስዊድን ውስጥ ስለ ይቅርታው በተናገረችው ሰበብ ታኅሣሥ 2001 እንደገና ተያዘችና የዕድሜ ልክ ፍርዱ ተመለሰባት። ቃሊቲ ለወራት ብቻዋን ተዘጋባት። እንዲያዩዋት የተፈቀደላቸው እናቷና ትንሿ ልጇ ነበሩ። ይህንን «ጠያቂ አላት» ብሎ የሚቆጥር ባለሥልጣን አይጠፋም፤ ፖለቲከኛን ከፓርቲዋ፣ ከጓደኞቿ ቆርጦ፣ እናትነቷን ብቻ በሳምንት ለጥቂት ደቂቃ መፍቀድ ግን የታሰበበት ቅጣት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዘፈቀደ እስራት ቡድን እስሯን አውግዟል። መስከረም 26 ቀን 2003 ተፈታች።

ርዕዮት ዓለሙ ደግሞ አለች። መምህርትና ጋዜጠኛ ነበረች፤ ሰኔ 2003 ተይዛ በሽብር ክስ 14 ዓመት ተፈረደባት፣ ይግባኝ ወደ 5 አወረደው። በ2005 የዩኔስኮን የፕሬስ ነፃነት ሽልማት እስር ቤት ሆና አሸነፈች። እስር ቤቱ በዚያው ዓመት ለብቻሽ ትዘጊያለሽ እያለ ሲያስፈራራት ከርሞ፣ መስከረም 2006 ላይ ሌላ መንገድ መጣ፦ የጠያቂዎችሽን ዝርዝር አስረክቢ ተባለች። እሷም በረሃብ አድማ መለሰች፤ በአጸፋው ከወላጆቿና ከካህን በቀር ማንም አይገባም ተባለ። ቀጥሎም እህቷና እጮኛዋ ታገዱ።  ሕመም የነበረባት ሴት ምግብ የተወችው በዝርዝር ምክንያት መሆኑን ልብ በሉ። ጨለማ ቤት ሳይባል ወደ ጨለማ ቤት መገፋት ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ከወገዳ ወይም ከዓርብ ገበያ አዲስ አበባ ለታሰረች ሴት መንገዱ ራሱ ግድግዳ ነው። ነፋስ መውጫና ደብረ ታቦር ወጥቶ፣ ወረታንና ባሕር ዳርን አልፎ፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ። በሰላሙ ጊዜም ገበሬ በሬ ሸጦ የሚሄደው ነው። ሐምሌ 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ መንገዱ በውጊያ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት በክልሉ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ማንም ትእዛዝ ሳይጽፍ ጠያቂው ቀረ።

ወረዳ ላይም ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የማያስበው። ሴትና ወንድ ተለያይተው ይታሰሩ የሚለው ደንብ ሴትን ለመጠበቅ የወጣ ነው። ነገር ግን ትንሽ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ የምትታሰረው ሴት ብዙ ጊዜ አንድ ናት። ወንዶቹ አርባ ሆነው ሲጫወቱ፣ ሲጸልዩ፣ ስንቅ ሲካፈሉ፣ እሷ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ለብቻዋ ትዘጋለች። የዓለም መንግሥታት በፈረንጆች 2015 የተስማሙበት የማንዴላ ደንብ በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ትርጉም ያለው የሰው ግንኙነት ሳይኖር መዝጋትን ለብቻ ማሰር ይለዋል፤ ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ ከሆነም ይከለክለዋል። ያቺን ሴት ግን «ቅጣት ላይ ናት» የሚል ወረቀት የለም። ስለዚህ አትቆጠርም። ጥፋቷ ለታጣቂ እንጀራ ጋገርሽ መባል ቢሆንም፣ ያሰራት መንግሥት ሳይሆን ራሱ ታጣቂው ቢሆንም፣ ብቸኝነቱ ያው ነው።

የቤተሰብ ነገርም አለበት። በእኛ አገር ወንድ በፖለቲካ ሲታሰር ይፎከርለታል። ሴት ስትታሰር «ምን ነክቷት ነው» ይባላል፤ አጎት ሽማግሌ ለመላክ ያፍራል፣ ባል ዝም ይላል። ይህንን ዝምታ እስር ቤቱ አልፈጠረውም፤ ይጠቀምበታል ግን።

ነገሩ ከዛሬ አልጀመረም። እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ከተገለሉ በኋላ እንጦጦ ላይ ተቀምጠው፣ ወደ ጎንደር ሄጄ ቀሪ ዕድሜዬን ልኑር ብለው ቢጠይቁ ተከለከሉ፤ የካቲት 1910 እዚያው አረፉ። ሰንሰለት አልነበረም። ወገናቸው ዘንድ እንዳይደርሱ ማድረግ በቂ ነበር።

ይህን ልማድ ያሸነፈ ዘመቻ አለ ወይ ለሚል፣ አንድ እነግራችኋለሁ። አሜሪካ፣ ኬንታኪ፣ ሌክሲንግተን ውስጥ በ1986 (በእነሱ አቆጣጠር) 16 ሴቶች የሚይዝ የምድር ቤት እስር ክፍል ተከፈተ። ሱዛን ሮዘንበርግ፣ ሲልቪያ ባራልዲኒና አሌሃንድሪና ቶሬስ የገቡት በፖለቲካቸው ምክንያት ነው ተብሎ ክርክር ተነስቶበታል። የዘመቻው ሰዎች፣ ጠበቆቹና የሃይማኖት ሰዎቹ መፈክር ብቻ ይዘው አልመጡም፤ ዝርዝርም ይዘው መጡ፦ መብራቱ ስንት ሰዓት እንደሚበራ፣ ካሜራው የት እንደተሰቀለ፣ መስኮቱ እንዴት እንደተሸፈነ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው በአእምሯቸው ላይ ያየው ጉዳት። ክፍሉ በ1988 ተዘጋ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በኋላ ለሴቶቹ የፈረደውን ዳኛ ውሳኔ ቢሽረውም፣ ክፍሉ ግን አልተከፈተም።

የእኛ ዘመቻ ግን ፎቶ ነው። ንግሥት ይርጋ በ2009 መባቻ ተይዛ ማዕከላዊ ስትገባ፣ ሐምሌ 2008 የጎንደር ሰልፍ ላይ የተነሳችው ፎቶ በየገጹ ነበር፤ ጥሩ አድርጓል፣ ስሟ እንዳይረሳ ረድቷል። የካቲት 2010 እስክትወጣ ግን ስንቅ ስንት ቀን ተመለሰባት ብሎ የቆጠረ ሰው በእኛ መንደር አላየሁም። ደግሞም እንናገር፦ ብዙዎቻችን የምንጮኸው አሳሪው የምንጠላው ሲሆን ነው። ወዳጃችን ሲያስር «ማስረጃ ይኖረዋል» እንላለን።

ስለዚህ ዘመድ የታሰረባችሁ ሁሉ፣ ስንቅ የተመለሰበትን ቀን ጻፉ። ማን እንደመለሰው፣ ምን ብሎ እንደመለሰው ጻፉ። ዝርዝሩ ላይ ማን እንዳለ እስረኛዋን ጠይቁ። ደብረ ታቦር ለጉዳይ የምትሄዱም ካላችሁ፣ እስር ቤቱ በር ላይ ጠያቂ የሌላት ሴት አለች ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ አንድ ትርፍ በሶ ያዙ። ዘመድ ካልሆናችሁ አትገቡም ይሏችኋል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ግን እስረኛን የመጎብኘት መብት ሲዘረዝር ባልና ቤተሰብ ብሎ አላቆመም፤ ጓደኛ ብሎም ጽፏል። ጥቀሱላቸው።