ልጆቻችን ዓሣን የሚጠሉት ከማን ተምረው ነው?

ደባርቅ ላይ የአራት ዓመት ልጅ ከዓሣ ፊቱን ሲያዞር ያየ ሰው፣ መጀመሪያ ከበውት የተቀመጡትን ትልልቅ ሰዎች ፊት ይመልከት። አክስት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ታደርጋለች። አያት «ኧረ ተዉት፣ አጥንቱ ያንቀዋል» ይላሉ። አባት ሳይቀምስ ሳህኑን ገፋ አድርጓል። ልጁ አንድ ጉርሻ ሳያላምጥ ፍርዱን ሰምቶ ጨርሷል። ይህን በዘመድም በጎረቤትም ቤት ደጋግሜ ስላየሁ ነው ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

በእርግጥ እኛም ዓሣን ሳናውቀው ያደግን ሰዎች ነን። ደባርቅ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች የገብስ፣ የባቄላና የድንች አገር ናት፤ ዳባትም ከዚህ ብዙ አትለይም። በጥንት ዘመን ከምፅዋ ተነስቶ በልማሊሞ አቀበት ወደ ጎንደር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ ጨውና ጨርቅ ይዞልን ይመጣ ነበር እንጂ ዓሣ አላመጣልንም። ስለ ዓሣ ከሕፃንነታችን የሰማነው «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚለውን ተረት ነው። ሽታውን ሳናሸትተው በተረት አውቀነዋል።

ዛሬ ግን ዓሣው ሩቅ አይደለም። ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከጎንደር ወደ ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ለመድረስ ደግሞ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በወዲያኛው በኩል ከስሜን ተራሮች የሚወርደው ውኃ ተከዜ ይገባል፤ የተከዜ ግድብ በ2009 እ.ኤ.አ. ከተጠናቀቀ ወዲህ የዋግና የአበርገሌ ወጣቶች በሰው ሠራሹ ሐይቅ ላይ ዓሣ አስጋሪ ሆነዋል። እኛ በሁለት የዓሣ ውኃዎች መካከል ተቀምጠን ነው ልጆቻችንን ያለ ዓሣ የምናሳድገው።

ነገሩ የሚያሳስበኝ ለቅንጦት ብዬ አይደለም። የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ከዕድሜያቸው አንጻር ቁመታቸው የቀነጨረ መሆኑን አሳይቷል። መንግሥት በ2015 እ.ኤ.አ. መቀንጨርን ለማስቀረት የሰቆጣን ቃል ኪዳን ሲያውጅ ሥራውን በተከዜ ተፋሰስ የጀመረው ያለ ምክንያት አልነበረም። መቀንጨር ብዙ መንስኤ አለው፤ የንጹሕ ውኃ እጦት፣ ተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ የእናት ጤና፣ ድህነት ሁሉ አሉበት። ዓሣ ብቻውን አይፈታውም። ነገር ግን የደጋ ልጅ ሳህን ከእህል ወደ እህል የሚሄድ ነው፤ ገንፎ፣ እንጀራ በሽሮ፣ ቂንጬ፣ ድንች። ዓሣ ሙሉ ፕሮቲን፣ ቢ12 እና ለአእምሮ ዕድገት የሚጠቅም ስብ ይዞ ይመጣል። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ፦ «ዓሣ እንቅርት ይከላከላል» እየተባለ የሚወራው በአዮዲን ለበለጸገው ለባሕር ዓሣ ነው። የሐይቅ ዓሣ ያን ያህል አዮዲን የለውም፤ ስለዚህ አዮዲን ያለበትን ጨው ከቤታችሁ አታጥፉ።

በእኔ እምነት ከጣዕሙ ይልቅ የሚያስቸግረን ድስቱ ነው። እናት ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፤ ሁዳዴን 55 ቀን፣ ከዚያ ፍልሰታን፣ የነቢያትን ጾም። ያላት አንድ ድስትና አንድ ቢላ ከሆነ ለልጇ ዓሣ ብትሠራበት የጾሙ ዕቃ ይነካካብኛል ብላ ትሰጋለች። ስጋቷ ከልብ የመነጨ ነውና ሊናቅ አይገባም፤ የእናቷንም የእኔንም እናት ቤት ያቆመ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጾም አይገደድም፤ የነፍስ አባታችሁን ብትጠይቁ ይህንኑ ይነግሯችኋል። ለልጁ ትንሽ ድስት፣ ማንኪያና ሳህን ለይቶ ማስቀመጥ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። ይህን ያደረጉ እናቶችን አውቃለሁ፤ ዕቃው ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል ሌላ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል። ዓሣ ለትልልቆቹ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን የቆየ ክርክር እዚህ አላነሳውም፤ ለሕፃኑ ጉዳይ አያስፈልገንም።

ወደ ዓሣው ምርጫ ልምጣ። ለትንሽ ልጅ የምመርጠው ቆሮሶን ነው። ሥጋው ነጭ፣ ሽታው ለስላሳ ነው፤ አጥንቱም በቀላሉ ይለያል። ነጭ ዓሣ የምንለው ጥሩ ጣዕም ቢኖረውም ሥጋው ውስጥ የተሰገሰጉ ደቃቅ አጥንቶች ስላሉት ልጁ ከፍ እስኪል ይቆይ። አምባዛ አጥንቱ አያስቸግርም፤ ነገር ግን ቅርፊት ስለሌለው በሃይማኖት ምክንያት የማይበሉት ብዙ ቤቶች አሉና ለጎረቤት ልጅ ሳትጠይቁ እንዳትሰጡ። ሙሉ ዓሣ ስትገዙ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ መሆኑን እዩ። ፊሌቶ ከሆነ ደግሞ ከበረዶ ሳይለይ የመጣ ይሁን። የአያትን ስጋት በክርክር ሳይሆን በሥራ መልሱት፦ የበሰለውን ሥጋ በታጠበ እጅ ፈርፍሩትና በጣቶቻችሁ መካከል እያሻሻችሁ አጥንት ፈልጉ፤ እሳቸውም አብረው ይፈልጉ።

አሠራሩ ቀላል ነው። የእኛ ልጅ ድንች ያውቃል፤ ስለዚህ ዓሣው በድንች በኩል ይግባ። ድንቹን ቀቅሎ መፍጨት፣ ዓሣውን በነጭ ሽንኩርትና በጥቂት ዘይት አብስሎ መፈርፈር፣ ከዚያ ሁለቱን አዋሕዶ በትንንሹ ድቡልቡል አድርጎ ጠበስ ማድረግ። በርበሬ አይግባበት። ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ሽታውን ይሰብረዋል። ውስጡ ዓሣ መኖሩን ግን አትደብቁት፤ ስሙን ንገሩት። የተታለለ ልጅ ድንቹንም መጠርጠር ይጀምራል።

በልጆች አመጋገብ ላይ የተደረጉ ጥናቶች አንድ ልጅ አዲስ ምግብ እስኪቀበል ከስምንት እስከ አሥራ አምስት ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው እንደሚችል ያሳያሉ። እኛ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ተስፋ ቆርጠን «አይወድም» ብለን ስም እንሰጠዋለን። ከጣት ጫፍ የማይበልጥ ቢቀምስ ይበቃል። አትለማመጡት፣ አታስገድዱት፣ «ከበላህ ከረሜላ» አትበሉት። አባትና ታላቅ ወንድም እፊቱ አጣጥመው ይብሉ፤ አክስትም ነጠላዋን ታውርድ።

ለመጀመር ከበዓለ ሃምሳ የተሻለ ጊዜ አላገኘሁም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም የድስት ጣጣ የለም። በሳምንት ሁለት ቀን ቢቀርብለት 14 ጊዜ ይቀምሳል። ዓሣውን ለማምጣት ለአንድ ቤት ብቻ ጎንደር መመላለስ አያዋጣም፤ ሦስት አራት ቤት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን፣ ለሥራ ለሚመላለስ ሰው በረዶ ያለበት ሣጥን ብንሰጠው ግን ይቻላል። ደባርቅና ዳባት ያላችሁ፣ ትንንሽ ልጆች የምታሳድጉ፣ መሳተፍ ከፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስንት ኪሎ እንደምትፈልጉና የትኛው ቀን እንደሚመቻችሁ ጨምሩበት።