ከዋሽንግተን፦ በእጅ የተጻፈውን ማን ያንብበው?

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የተጻፈው ብራና ላይ ነው። ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ገብቼ አራቱንም ገጾች ቆሜ አየኋቸው። ለብራናው ሲባል መብራቱ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ፎቶ ማንሳትም ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1787 በእጁ የጻፈው ጃኮብ ሻለስ የፔንስልቬንያ ምክር ቤት ረዳት ጸሐፊ ነበር፤ ለድካሙ 30 ዶላር ተከፍሎታል። ፊደሉ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ሐረግ ይሳባል። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ቁም ጽሕፈት የሚጥሉ ሊቃውንት ካሉበት አገር ለመጣ ሰው፣ የሰለጠነ እጅ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ አይፈጅበትም።

አጠገቤ ከመምህራቸው ጋር የመጡ ተማሪዎች ነበሩ። በትልልቁ የተጻፉትን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቃላት ሁሉም ጮክ ብለው አነበቡ። ወደ ታች ሲወርዱ ግን ድምፃቸው ጠፋ። አንዲት ልጅ ወደ መምህሯ ዞር ብላ «ከዚህ በኋላ ያለው ምን ይላል?» ስትል ጠየቀቻት። ቋንቋው የራሷ ነው፤ ሕጉም የአገሯ።

ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውና አብዛኞቹ ክፍላተ ግዛት የተቀበሉት የጋራ የትምህርት መመዘኛ፣ በኮምፒውተር መተየብን ሲያካትት ከርሲቭ የሚባለውን ተያይዞ የሚጻፍ የእጅ ጽሕፈት ሳያነሳው አለፈ። ጊዜ ያጠራቸው ትምህርት ቤቶችም ተዉት።

ጉዳቱን ለማየት ከዚሁ ቤተ መዛግብት መውጣት አያስፈልግም። ለነጻነቱ ጦርነት ዘማቾችና ለመበለቶቻቸው ጡረታ ወይም መሬት ለማግኘት የቀረቡ 80 ሺህ ያህል መዝገቦች እዚህ አሉ። ዘማቹ የት እንደተዋጋ፣ ሚስቲቱ መቼ እንዳገባች በእጅ ጽሕፈት ተመዝግቧል። መሥሪያ ቤቱ እነዚህን አንብበው የሚተይቡ በጎ ፈቃደኞች ሲጠራ፣ ከርሲቭ ማንበብ የሚችሉትን አጥብቆ ይፈልጋል። ማሽንም ያነባል፤ ነገር ግን የሚያርመው ሰው ያስፈልገዋል።

ትምህርት ቤት ያስተምረው ወይስ ይቅር በሚለው ክርክር፣ አንዳንዱ ውበቱን፣ አንዳንዱ ለአእምሮ ያለውን ጥቅም ያነሳል። ለእኔ ዋናው ማንበቡ ነው። የአገሩን ሰነድ በራሱ ዐይን ማንበብ ያልቻለ ዜጋ፣ ሌላው የነገረውን ከማመን በቀር ምርጫ የለውም። አንድን ጽሕፈት ለማንበብ ደግሞ በእጅ እየጻፉ እንደመልመድ ያለ መንገድ የለም። ስለዚህ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ፣ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል በሚሰጠው የእጅ ጽሕፈት ትምህርት ከርሲቭ እንዲካተት መደንገጓ ትክክል ነው እላለሁ። ጊዜ የለንም የሚሉ መምህራን እውነት አላቸው፤ ጊዜውን መስጠት ያለበት ግን ሥርዓተ ትምህርቱን የሚቀርጸው አካል ነው።

በዚህ ከተማ ለምትኖሩ ወገኖቼም አንድ ነገር ልበል። ቅዳሜና እሁድ ልጆቻችሁን ፊደል ታስቆጥራላችሁ፤ ደግ አድርጋችኋል። የታተመውን ብቻ አስጠንታችሁ አታብቁ። አያቶቻቸው በእጃቸው የጻፉትን ደብዳቤ ከሻንጣ አውጡና አብራችኋቸው አንብቡ፤ ከዚያም ልጆቹ ራሳቸው በእጃቸው ይገልብጡት።