248 ቀን መርቶ



ይህን የሚጽፍላችሁ ሰው በደብረ ወርቅ ከተማ ልጆችን ቁርኣን የሚያስቀራ፣ ዕድሜው አርባን የተሻገረ፣ ጢሙ መሸበት የጀመረ የመድረሳ መምህር ነው። የምነግራችሁ ግን ስለ ኳስ ነው። «ምነው ኡስታዝ፣ ሌላ ወሬ ጠፋ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ሰው የሚፈተነው በሚጠላው ሳይሆን በሚወደው ነውና እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ከአርሰናል ጋር የተዋወቅሁት በ1996 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ሳለሁ ነው። በዚያ ዓመት ቡድኑ ከ38 ጨዋታ 26ቱን አሸንፎ፣ በ12ቱ አቻ ወጥቶ፣ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ የእንግሊዝን ሊግ ዋንጫ ወሰደ። በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ሄንሪ ሲሮጥ አፋችንን ከፍተን እናያለን። ናይጄሪያዊው ካኑና ኮትዲቯራዊው ኮሎ ቱሬ የአህጉራችን ልጆች ናቸው፤ ቱሬ ሙስሊም መሆኑን ስሰማማ የአጎቴ ልጅ ያህል ኮራሁበት። ከዚያ በኋላ ግን ዋንጫው ራቀን። በየዓመቱ «ዘንድሮስ» እያልን 19 ዓመት ቆጠርን።

የማወጋችሁ ዘመን የተጀመረው ሐምሌ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚያልፈው መንገድ ከተማችንን ያቋርጣታል፤ ከመንገዱ ዳር በዲሽ ኳስ የሚያሳይ ቤት አለ። ያን ምሽት አርሰናል ክሪስታል ፓላስን 2 ለ 0 ሲረታ የክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው የተናጋሪው ድምፅ አይሰማም ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ነው። እሱ ክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም፤ በአርሰናል ግን አንድ ነን። «ሸሁ፣ የዘንድሮው ሌላ ነው» አለኝ። እውነትም ሌላ ሆነ። የውድድሩ አጋማሽ ሲደርስ ከ19 ጨዋታ 50 ነጥብ ይዘን ከሁሉ በላይ ተቀመጥን። «ይዘን» ማለቴን አስተውሉ! ለንደንን በዓይኔ አላየሁም፤ ደጋፊ ግን እንዲህ ነው የሚናገረው።

የካቲት 25 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቦርንማውዝ ጋር 2 ለ 0 ስንመራ ቆይተን አላልኩም፤ ስንመራ ሳይሆን 2 ለ 0 ስንመራ የነበሩት እነሱ ናቸው። ተነሥተን 2 እኩል ሆንን፤ በ97ኛው ደቂቃ ሪስ ኔልሰን ሦስተኛዋን ሲያገባ ልብስ ሰፊውና እኔ ተቃቅፈን ጮኽን። በማግስቱ እሑድ ልጆቹ ፊት ስቀመጥ ድምፄ ተዘግቶ ለመቅራት አቃተኝ። «ብርድ መታኝ» አልኩ። የመጀመሪያዋ ውሸት እንዲህ ቀላል ነበረች።

ረመዳን መጋቢት 14 ገባ። ጎረቤቴም ሁዳዴ ላይ ነበር፤ ስለዚህ ሁለት ጾመኞች ሆነን አንድ ቡድን መከተላችንን ቀጠልን። መጋቢት ሊያልቅ ሲል አርሰናል ማንቸስተር ሲቲን በ8 ነጥብ ይመራ ነበር፤ ሲቲ አንድ ጨዋታ ቢቀረውም እኛ ዋንጫው የት እንደሚቀመጥ መነጋገር ጀምረናል።

ሚያዝያ 1 ቀን፣ የሆሳዕና ዕለት፣ ረመዳን 18፤ ጨዋታው ከሊቨርፑል ጋር ነው፤ የሚጀምረው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል። ልጆቹ በመስጊድ ከኔ ጋር ማፍጠር ልማዳቸው ነበር። ቤታቸው ያለውን ቴምር ይዘው ይመጣሉ፤ አብረን ቀምሰን እነሱን ሰልፍ አስይዤ መግሪብን እንሰግዳለን። «ኳሱ ሲጀመር አንድ አፍታ ልይና አዛን ሲል እነሣለሁ» ብዬ ወደዚያ ቤት ገባሁ። ጥቂት ደቂቃ እንደተጫወቱ አዛን ተሰማ። በኪሴ የነበረችውን ቴምር አፌ ውስጥ ጨመርኩ፤ እግሬ ግን አልታዘዘኝም። በ8ኛው ደቂቃ ማርቲኔሊ አገባ። «አሁንማ እንዴት ይወጣል!» በ28ኛው ጄሱስ ደገመ። ሊያርፉ ሦስት ደቂቃ ሲቀር ሞሐመድ ሳላህ አንዷን መለሰብን።

በዕረፍቱ ጓሮ ወጥቼ ውሃ ለምኜ ውዱእ አደረግሁ፤ ጋቢዬን አንጥፌ መግሪብን ብቻዬን ሰገድኩ። ሰገድኩ ልበል እንጂ ሁለት ይሁን ሦስት ረከዓ መስገዴ እስኪጠፋኝ ድረስ ጆሮዬ ቤቱ ውስጥ ነበር። ተመልሼ ገባሁ። ሳላህ ፍጹም ቅጣት ምት ሲስት ጨፈርን፤ በ87ኛው ደቂቃ ፊርሚኖ ሲያገባብን ደነዘዝን። 2 እኩል አለቀ። ስወጣ የዒሻ ሰላት ተጀምሮ ነበር።

በማግስቱ ከልጆቹ አንዱ «ኡስታዝ፣ ትናንት አሞዎት ነበር እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። «አዎ፣ ትንሽ አሞኝ ነበር» አልኩት። ጾመኛ ነኝ፤ ፊቴ ቁርኣን ተዘርግቷል፤ በጊዜ የሚምለውን አጭሩን ሱራ እያስቀራሁ ነው።

ውድ አንባቢያን! ይህን ነገር የሚያከብድብኝ ሌላም አለ። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ሌስተር ከክሪስታል ፓላስ ሲጫወቱ ፎፋናና ኩያቴ የተባሉት ተጫዋቾች ጾማቸውን እንዲፈቱ የፓላሱ በረኛ ኳሱን ከመምታት ቆይቶላቸዋል። በ2015ቱ ረመዳን ደግሞ የእንግሊዝ ዳኞች የኢፍጧር ሰዓት ሲደርስ ለጾመኛ ተጫዋቾች ጨዋታውን ጥቂት እንዲያቆሙ ተነግሯቸው ነበር። በዚያ አገር፣ ያን ያህል ገንዘብ በሚፈስበት ሜዳ፣ ሚሊዮኖች እያዩ ኳሱ ለጾመኛ ይቆማል። እኔ ተጫዋች አይደለሁም፤ ውጣ የሚለኝ እንጂ አትውጣ የሚለኝ ዳኛ አልነበረም። ያልቆመው ኳሱ አይደለም፤ ልቤ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኳስ ወዳዶች ታስታውሳላችሁ። ሚያዝያ 8፣ የፋሲካ ዕለት፣ ከዌስትሃም ጋር በ10 ደቂቃ 2 ለ 0 መርተን፣ ሳካ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ፣ 2 እኩል ወጣን። ጎረቤቴ በዚያ ጠዋት ጾሙን ፈትቶ ሳለ ፊቱ የሐዘንተኛ ሆነ። ሚያዝያ 13 የዒድ አልፈጥር ዕለት ነበር፤ ሌሊት 4 ሰዓት ላይ ከሊጉ ግርጌ ካለው ሳውዝሃምፕተን ጋር 3 እኩል። ሚያዝያ 18 ሲቲ 4 ለ 1 ቀጣን። ግንቦት 12 በኖቲንግሃም ፎረስት 1 ለ 0 ስንሸነፍ ዋንጫው የሲቲ መሆኑ ተረጋገጠ። አርሰናል 248 ቀን መርቶ ነበር፤ በእንግሊዝ ከፍተኛ ሊግ ይህን ያህል ቀን መርቶ ዋንጫ ያጣ ሌላ ቡድን አልነበረም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ቡድኑ ነው፤ ሳሊባ ባይጎዳ፣ ሳካ ባይስት እያልኩ። ቆይቶ ግን የራሴ ሒሳብ መጣብኝ። አሥራ ሰባት ቀን ከልጆቹ ጋር በደንብ አፍጥሬ ነበር። በአሥራ ስምንተኛው ጣልኩት፤ በአሥራ ዘጠነኛው ዋሸሁ። የተጫዋቾቹን ስሕተት በደቂቃ ቆጥሬ ስይዝ የራሴን ስድስት ሳምንት ሙሉ ደብቄው ከርሜአለሁ።

እሑድ ጠዋት ልጆቹን ሰበሰብኩና «ያን ዕለት አላመመኝም፤ ኳስ እያየሁ ነው የቀረሁት። ዋሽቻችኋለሁ፤ ዐፉ በሉኝ» አልኳቸው። ለአርባ ዓመት ሰው ይህችን ቃል በልጆች ፊት ማውጣት ድንጋይ እንደ መግፋት ነው። ጥቂት ዝም አሉ። ያ የጠየቀኝ ልጅ አቀርቅሮ «እናውቅ ነበር ኡስታዝ» አለ፤ «ወንድሜ እዚያ አይቶዎታል። እኛ እኮ የርስዎን ቴምር አስቀምጠን ጠብቀን ነበር። ሲቀሩ ለትንሹ ሰጠነው።»

ኳስ ማየት ትቻለሁ ብዬ ሁለተኛ አልዋሻችሁም። አሁንም ከጎረቤቴ ጋር አያለሁ፤ አሁንም እንከራከራለን። የሆነውን ሁሉ ግን ለእሱም ነግሬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አዛን ሲሰማ ጨዋታው የትም ይድረስ፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል በክርኑ ጎሸም ያደርገኝና «ሸሁ፣ ልጆቹ ይጠብቁዎታል» ይለኛል። ተነሥቼ እወጣለሁ። ጎል የገባ እንደሆነ ጩኸቱን ከመንገድ ላይ እሰማዋለሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።