ቴሌስኮፕ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ እግሩን ይመልከት

አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡት ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ባለችው ጋፋት ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ የማይነሳው፣ መድፉን መቅደላ ለማድረስ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየተጠረገ፣ በጋሪ እየተጎተተ ወራት መፍጀቱ ነው። የሚሸከመው ያጣ መድፍ ተራ ብረት ነው። ቴሌስኮፕም እንደዚያው።

ለልጁ ወይም ለትምህርት ቤቱ ቴሌስኮፕ የሚገዛ ሰው የሚጠይቀው «ስንት ጊዜ ያጎላል?» ብሎ ነው። ካርቶኑ ላይ «525» ካየ ይከፍላል። ቁጥሩ ማታለያ ነው። የሚጠቅመው ማጉላት የሌንሱ ወይም የመስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ተለክቶ፣ በ2 ተባዝቶ ከሚገኘው ብዙም አያልፍም፤ ባለ 60 ሚሊሜትሩ 120 ላይ ያበቃል ማለት ነው። የሳተርንን ቀለበት ለማየት ደግሞ 50 ይበቃል።

ዋናው ችግር ከሥር ነው። 100 ጊዜ የሚያጎላ መሣሪያ መንቀጥቀጡንም 100 ጊዜ ያጎላዋል። ከጉና በኩል ነፋስ ሽው ሲል ቀጭኑ እግር ይርገበገባል፣ ኮከቡም ይዘላል። ምድር ስለምትዞር ፕላኔቷ በ2 ደቂቃ ገደማ ከእይታ ትወጣለች፤ ለመከተል ሲነኩት እንደገና ይንቀጠቀጣል። ልጁ ሦስት ማታ ይታገላል፣ በአራተኛው ዕቃው ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል። «ሳይንስ ለእኔ አይሆንም» ብሎ የሚቀረው ልጅ የተሸነፈው በሰማዩ አይደለም፣ በመቆሚያው ነው።

«ኢኳቶሪያል» የሚባለው ውድ መቆሚያም እዚህ አገር ይቸግራል። ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ መነጣጠር አለበት። አውሮፓ ላይ ኮከቡ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ደብረ ታቦር ላይ ግን ከአድማስ 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ መቆሚያዎች ያን ያህል ዝቅ አይሉም፤ ቢሉም ሚዛን መጠበቂያው ክብደት ከእግሩ ጋር ይጋጫል።

መፍትሔው ቀላል ነው። አሜሪካዊው ጆን ዶብሰን ያስፋፋው መቆሚያ መሬት ላይ የሚቀመጥ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ወደ ጎን ይዞራል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፣ በቃ። የደብረ ታቦር አናጺ በኮምፔንሳቶ ይሠራዋል። ገንዘቡ 150 ሚሊሜትር ለሆነ መስታወት ይትረፍ።

እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ 1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ከሥራቸው ግን የአዲስ አበባ መብራት አለ። ጣራ ገዳም ላይ ሌሊቱ ገና ሌሊት ነው። በሚያዝያና በግንቦት ምሽት ሰሜን ኮከብና የደቡብ መስቀል ከአንድ ደጅ ይታያሉ። የአካባቢው ልጅ ሰላም አግኝቶ ማታ ደጁ ላይ መቆም ሲችል፣ ቢያንስ የማይንቀጠቀጥ ነገር ይጠብቀው።